ለመራመድ ስለ ዘገዩ ሕፃናትና ስለ አካል ማሠልጠኛ ሕክምና

የፎገራ ሜዳ ለእህልና ለከብት የተመቸ አገር መሆኑ የታወቀ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሲወርዱ ከደጋው የጠረጉትን አፈር በሜዳው ላይ ያነጥፉታል፤ ስለዚህም የወረታ ሩዝና የፎገራ ላም ስማቸው እስከ ሩቅ ይጠራል። ነገር ግን ይኸው ጥቍር ዋልካ ክረምት በሆነ ጊዜ የጤነኛውን ሰው እግር እንኳ የሚይዝ ስለ ሆነ፥ እግሩ ላልጠናለት ልጅ ከደጃፍ የማያሳልፍ አጥር ይሆንበታል። ከባሕር ዳር ወደ ጐንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሐሙሲት፥ በዙሪያዋም ባሉት የደራና የፎገራ ቀበሌዎች፥ እንደ ሌላው አገር ሁሉ፥ አምስትና ስድስት ዓመት ሞልቶት ገና በእናቱ ጀርባ የሚታዘል ልጅ አለ። ልጁ በየዓመቱ ይከብዳል፤ የእናቲቱ ወገብ ግን በየዓመቱ ይደክማል። አንድ ቀን ማዘል የማይቻልበት ጊዜ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ ከቤት ይቀራል፥ ትምህርት ቤትም አያውቀውም።

ሐኪሞች ይህን ሕመም ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል፤ ይኸውም ከአንጎል ጕዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ጕድለት ማለት ነው። በልማድ ግን አንዱ ምች ነው፥ ሁለተኛው ልክፍት ነው፥ ሦስተኛውም የወላጅ ኃጢአት ነው ይላል። ይህ የመጨረሻው አነጋገር ከሁሉ የከፋ ነው፤ እናቲቱን አሳፍሮ ልጁን በጓዳ ያስደብቃልና። ነገሩ የሚሆነው ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ፥ ወይም ሲወለድ፥ ወይም በተወለደ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ገና ያልጠናው አንጎል ሲጐዳ ነው። ምጥ ረዝሞ ትንፋሽ ያጠረው፥ ያለ ቀኑ የተወለደ፥ የወፍ በሽታ የሚባለው ብጫነት በርትቶበት ሳይታከም የቀረ፥ በማጅራት ገትር ወይም አንጎል በነካ ወባ የታመመ ሕፃን ለዚህ ጕዳት የተጋለጠ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረገው ቈጠራ ከ1000 ሕፃናት 2 ወይም 3 የሚሆኑት በዚህ ሕመም እንደሚያዙ ያሳያል።

ነገሩን አስቀድሞ በግልጥ ያስረዳው የለንደኑ ሐኪም ዊልያም ጆን ሊትል ነው። እርሱም ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ ቈልማማ ስለ ነበረ ጀርመን አገር ሄዶ ጅማቱን አስቈርጦ የተቃና ሰው ነው፤ አካለ ስንኩልነትን በመጽሐፍ ብቻ አልተማረውም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1843 ጀምሮ እግራቸው ስለ ደረቀ ሕፃናት አስተማረ፤ በ1861ም የምጥ ችግር ከዚህ ሕመም ጋር ያለውን ግንኙነት ለለንደን የማዋለድ ሐኪሞች ማኅበር አቀረበ።

ወላጅ ሁሉ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የአንጎሉ ጕዳት በራሱ እየጨመረ አይሄድም፤ የልጁ አካል ግን ያድጋል። አጥንቱ ሲረዝም የደረቀው ጡንቻ እኩል አይከተለውም፤ ስለዚህ ባቱ ያጥራል፥ ተረከዙም መሬት መንካት ይተዋል፤ ጕልበቱ ይታጠፋል፥ ጭኖቹም እንደ መቀስ ይተላለፋሉ። በአንዳንዱም የዳሌው አጥንት ከሥፍራው እየሸሸ ይሄዳል፤ ይህንንም በጊዜው የሚያሳየው የራጅ ምርመራ ነው። ልጁ ከሚችለው እንቅስቃሴ ብዙውን የሚያገኘው አምስት ዓመት ሳይሞላው በመሆኑ፥ ሲያድግ ይተወዋል ተብሎ የሚታለፈው ጊዜ ከሁሉ የከበረው ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላው ራሱን ችሎ የሚቀመጥ ልጅ፥ በድጋፍም ቢሆን፥ ለመራመድ መልካም ተስፋ አለው። እጅግ የተጐዳው ግን ላይራመድ ይችላል፤ ለእርሱም በሚገባ መቀመጥና ተሽከርካሪ ወንበር ማግኘት እንደ ሽንፈት የሚቈጠር አይደለም።

ፊዚዮቴራፒ የሚባለው ሕክምና ብዙ ሰው እንደሚያስበው እግር መጐተትና ማሸት ብቻ አይደለም። ጡንቻን መሳብ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ጥቂትና ቶሎ የሚጠፋ መሆኑ በዚህ ዘመን ተረጋግጧል። የሚጠቅመው ልጁ ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው። መራመድ የሚፈልግ ልጅ መራመድን፥ ከመደብ መነሣት የሚፈልግም መነሣትን ደጋግሞ መለማመድ አለበት። ከዝቅተኛ በርጩማ ተነሥቶ መቆም፥ እንደገናም ቀስ ብሎ መቀመጥ፥ አንድ ደረጃ መውጣትና መውረድ፥ ግድግዳ ይዞ ወደ ጐን መሄድ፥ ከሰነበተም በኋላ በትንሽ ከረጢት ሩዝ ተሸክሞ መነሣት፤ ይህ ሁሉ የእግርን ኃይል ያበረታል። ባለሙያው አስቀድሞ ልጁ ከአምስቱ የእንቅስቃሴ ደረጃዎች በየትኛው እንደሚገኝ ይመረምራል፤ ከዚያም ከወላጆቹ ጋር ሊደረስበት የሚቻለውን አንድ ግብ ይቈርጣል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በእግሩ መድረስ እንደ ግብ ቢያዝ አያንስም። ጠበል የሚጠመቅ ልጅም ልምምዱን የሚተውበት ምክንያት የለም።

በገጠር አስቀድሞ የሚጠራው ሰው ወጌሻ ነው። ወጌሻ ለወለምታ የታመነ ባለሙያ ይሁን እንጂ፥ የዚህ ሕፃን መገጣጠሚያ አልወለቀም፤ ትእዛዙ የተበላሸው ከላይ ከአንጎል ነው። የደረቀውን እግር በኃይል ማቃናት ሕመም ከመጨመሩም በላይ አጥንት እስከ መስበር ሊያደርስ ይችላል።

ጐንደር በዚህ ነገር የቆየ ታሪክ አላት። የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅዋ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1954 ሲመሠረት በደምቢያ ሜዳ የደረሰው የወባ እልቂት ትዝታ ገና ትኵስ ነበር፤ ዓላማውም ወደ ገጠር ወጥተው በዚያው የሚሠሩ የጤና መኰንኖችን፥ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን ማሠልጠን ነበር። ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ያስተምራል፤ በየመንደሩ እየተዘዋወረ አካለ ጕዳተኞችን የሚረዳ የማኅበረሰብ ተሐድሶ ሥራም አለው። ሆኖም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚገኘው በአብዛኛው በትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። የገጠሩ ሰው ወደ ከተማ ይምጣ ማለት ደግሞ የቀድሞውን የጐንደርን አሳብ መገልበጥ ነው።

ከባሕር ዳር እስከ ጐንደር ያለው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐሙሲት ለባሕር ዳር ትቀርባለች። ቢሆንም ከመንገዱ ርቃ በሜዳው ውስጥ ለምትኖር እናት ችግሩ የመኪናው ጉዞ ብቻ አይደለም፤ እስከ መኪናው ልጇን አዝላ የምትሄድበት ጭቃ፥ የምትተወው አረም፥ የምታወጣውም ገንዘብ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭትም መንገድ የሚዘጋበትን ቀን ጨምሯል። በወር አንድ ጊዜ በሚገኝ ሕክምና ደግሞ ማንም ልጅ መራመድን አይማርም። ልምምዱ የዕለት ሥራ ስለ ሆነ ሥፍራው ቤት ነው፤ የባለሙያው ተግባር ለእናት፥ ለአባትና ለታላላቅ ልጆች አሳይቶ፥ በየጊዜው ማረም ነው። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ቢማሩ፥ አንገቱን በጊዜው ያላጸናውን ሕፃን ለክትባት በመጣበት ቀን ለይተው ሊልኩት በቻሉ ነበር።

መሣሪያውም ከውጭ አገር የሚመጣ መሆን የለበትም። አሜሪካዊው ዴቪድ ወርነር በሜክሲኮ ገጠር ከአካለ ጕዳተኞች ጋር ሠርቶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1987 ባወጣው መጽሐፍ፥ ከእንጨትና ከገመድ የሚሠሩ መቆሚያዎችንና መራመጃዎችን በሥዕል አሳይቷል። በደራ ባሕር ዛፍ የማይገኝበት ቀበሌ የለም፤ በልጁ ወገብ ልክ በግራና በቀኝ የተጋደሙ ሁለት አጠናዎች፥ ችካላቸው ከጠለቀ፥ የመራመጃ መደገፊያ ይሆናሉ።

የቍርጭምጭሚት ድጋፍ ግን ለየልጁ እግር በልክ የሚሠራ ስለ ሆነ የባለሙያ እጅ ይፈልጋል፤ ለዚህም በባሕር ዳር የአካል ማገገሚያ ማዕከል አለ። ድጋፉ ተረከዙን መሬት ያስይዛል፤ ነገር ግን ልጅ ባደገ ቍጥር ይጠበዋል። ስለዚህ በየማታው ሲፈታ ቆዳውን መመልከት ይገባል፤ የተጫነው ምልክት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ ድጋፉን በግድ ማሰር ቀርቶ ወደ ሠራው ባለሙያ መመለስ ነው።