ሁለት ቀለህ

አንደኛው ቀለህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ ኮልፌ ከሰፈራችን በላይ ካለው ሜዳ ለቅሜ፣ ከንፈሬ ላይ አሳርፌ ሳፏጭበት ያደግሁት የኤም ዋን ቀለህ። ሁለተኛው ያለው ስልኬ ላይ ነው። ዴንቨር የሚኖረው የእህቴ ልጅ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ከትንሿ ጣቱ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ኢላማ እንተኩሳለን። የምተኩሰው በኪራይ ነው፤ የራሴን ልገዛ ነው። የቱን ልግዛ?»

በፖሊስነት ዘመኔ ምልምሎችን ኢላማ ሳስተኩስ የኖርኩ ሰው ነኝና ጥያቄውን አክብሬ ያዝኩት። መልሱ ከሁለቱ ቀለሆች ይጀምራል።

የኔን ገልብጬ ሳየው መሃል ለመሃል ተወግቷል። የእሱ ግን ጠርዙ ላይ ብቻ ነው የተነከሰው፣ አይጥ የቀመሰችው ይመስላል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በኔ ጥይት ባሩዱን የሚለኩሰው ቅመም መሃል ላይ በተተከለች ትንሽ ቆብ ውስጥ ነው ያለው። በእሱ ጥይት ደግሞ ቅመሙ በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ተቀብቷል። ጠርዙ ሲመታ እንዲጨፈለቅ ስስ መሆን አለበት፤ ስስ ስለሆነም ብዙ ግፊት አይችልም። ለዚህ ነው የዛሬው የጠርዝ ጥይት ትንሽና ለስላሳ የሚሆነው። ካሊበር 22 የሚባለው የዛሬው ረዥሙ ጥይት እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ አለ። አረሩ 2.6 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ትከሻ ላይ ሲረግጥ ልጅ በመዳፉ ቸብ ያደረገህ ያህል ነው።

ይህን ጥይት የሚተኩሰው ራሱ የሚያቀባብል ጠመንጃም አሠራሩ ከዚሁ ልስላሴ ይወለዳል። ጥይቱ ሲፈነዳ አረሩን ወደፊት የገፋው ግፊት ቀለሁን ወደኋላ ይገፋል፣ ቀለሁም መቀባበያውን ይዞ ይሄዳል። መቀባበያው ቀለሁን ይተፋና በሞላው ተገፍቶ ሲመለስ ከካዝናው አዲስ ጥይት ይዞ ይገባል። ሌላ ብልሃት የለውም። ቃታው አንዴ ሲሳብ አንድ ይተኩሳል፣ ማቀባበሉን ግን ራሱ ይጨርሳል። የኔ ቀለህ የወጣበት ኤም ዋን ካርባይን አሠራሩ ከዚህ ይወሳሰባል፤ ጥይቱ ኃይለኛ ስለሆነ መቀባበያው ተቆልፎ ይቆያል፣ ከአፈሙዙ የተቀነሰ ጋዝ አንዲት አጭር ፒስተን ሲመታ ነው የሚከፈተው። ካርባይኑ 2.4 ኪሎ ገደማ ነው፣ 15 ጥይት ይጎርሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ6 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ የጽሕፈት መኪና ሠሪው አንደርውድና አይቢኤም ሳይቀሩ አምርተውታል። አገራችን ከአሜሪካ ጋር በተወዳጀችበት ዘመን የኤም ዋን ስም እኛም ሰፈር የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው።

«ጋሼ፣ ታዲያ ለምን ካርባይኑን አልገዛም? ታሪክ አለው» አለኝ። ታሪክስ አለው። ግን ጀማሪ ከትልቅ ጥይት የሚማረው መጀመሪያ ፍርሃትን ነው። ቃታውን ሊስብ ሲል ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ያሸሻል፤ ጥይቱ ገና ሳይወጣ አፈሙዙ ወርዷል። ይህ አመል አንዴ ከገባ ለማስወጣት ወራት ይፈጃል። እኛ አፈሙዙ ላይ ሳንቲም እናስቀምጥና ምልምሉ የባዶ ጠመንጃ ቃታ እንዲስብ እናደርግ ነበር። ሳንቲሙ እስኪወድቅ ድረስ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ የማያምን ብዙ ነበር። (የጠርዝ ጥይት ጠመንጃን ባዶውን መተኮስ መምቻውን ሊጎዳው ይችላል፤ አምራቹ ካልፈቀደ አይሞከርም።)

ስለ ኢላማ ትምህርት ሳስብ አንድ የኮልፌ ተማሪ ትዝ ይለኛል። በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ኔልሰን ማንዴላ እዚሁ ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ለወታደራዊ ሥልጠና ገቡ። ሐምሌ 11 ቀን 44 ዓመት ሞላቸው። ጠበቃና ቦክሰኛ ነበሩ። ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላም እንደገና ሜዳ ይወጡ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን በስውር የታገሉ መኮንን አውቶማቲክ ጠመንጃና ሽጉጥ አስተኮሷቸው፤ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወዳለ የተኩስ ሜዳም ከሻለቃ ጦሩ ጋር ሄደዋል። ማምሻውን ስለ ጦር ጥበብ የሚያስተምሯቸው ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ስድስት ወር ሊቆይ የታሰበው ሥልጠና ሳያልቅ አገራቸው ጠራቻቸው። ኮሎኔሉ ሲሰናበቷቸው ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር ሰጧቸው። ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተያዙ፤ የእስሩ ዘመን 27 ዓመት ሆነ።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ለልጁ ሁለት ስም ጻፍኩለት። ሩገር 10/22 እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ይመረታል፤ መደበኛው 2.3 ኪሎ ገደማ ነው፣ አሥር ጥይት የሚይዘው ካዝናው ውስጡ እንደ ሰዓት ማርሽ ይዞራል፣ ከጠመንጃው ሆድ ወጥቶም አይታይም። ማርሊን ሞዴል 60 ከዚያ በአራት ዓመት ይቀድማል፤ ጥይቱን የሚያሰልፈው ከአፈሙዙ ሥር በተዘረጋ ቱቦ ነው። ሁለቱም ደህና ይተኩሳሉ። እኔ ግን ለጀማሪ የሚነቀል ካዝና እመርጣለሁ። ካዝናውን ነቅለህ፣ መቀባበያውን ስበህ፣ ጣትህን አስገብተህ ባዶነቱን ታረጋግጣለህ። ቱቦ ውስጥ አንድ ጥይት ተደብቆ ቢቀር ግን በቀላሉ አይታይም።

ከስሙ ይልቅ ልኩን ይይ። ሰደፉን የክንዱ መታጠፊያ ላይ ሲያሳርፈው ጣቱ ቃታውን ያለ ጭንቀት መንካት አለበት። ካልደረሰ ጠመንጃው ረዝሞበታል፣ አንገቱን እየሰገገ ያነጣጥራል። መነጽር ከመግዛቱ በፊት በጠመንጃው በራሱ ማነጣጠሪያ አንድ ሺህ ጥይት ይጨርስ። ከተለያየ ፋብሪካ የወጣ ጥይት ገዝቶም ይሞክር፤ አንዱ ጠመንጃ የሚወደውን ሌላው ይተፋዋል፣ ይህን ከሱቅ ወሬ ሳይሆን ከወረቀቱ ላይ ነው የሚያነበው። በኦሊምፒክ የ50 ሜትር ውድድር የሚተኮሰው ይኸው ካሊበር 22 ነው። አሥር ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ስፋቱ 10.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ አንድ ደህና የሽምብራ ፍሬ። ትንሽ ጥይት ማለት የልጅ መጫወቻ ማለት አይደለም።

መጫወቻ አለመሆኑን ለማወቅ ሌላም ነገር አለ። ያች 2.6 ግራም አረር ካልተገታች አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ድረስ ትሄዳለች። ውሃና ድንጋይ ላይ ነጥራ አቅጣጫ ትቀይራለች። ስለዚህ ከኢላማው ኋላ ከፍ ያለ የአፈር ቁልል የሌለበት ቦታ አይተኮስም። ጆሮ ይሸፈናል፣ ዓይን ይከለላል፣ አረሩ እርሳስ ነውና ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል። እዚህ አገር ደግሞ ነገሩ የቅዳሜ መዝናኛ አይደለም፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ለሠርግና ለበዓል ወደ ሰማይ የሚተኩሱ ዘመዶቻችንንም ሳስብ እሳቀቃለሁ። የወጣው አረር የሆነ ቦታ ይወርዳል።

ባለፈው እሑድ ልጁ ደወለ። ጠመንጃውን ገዝቷል፣ ሩገሩን። «ጋሼ፣ ጓደኞቼ እርሻ ቦታ ወስደን ወፍ እንሞክር አሉኝ» አለ። ማንዴላ በግለ ታሪካቸው ያነሱትን ነገርኩት። ኮልፌ ከመምጣታቸው በፊት ሊሊስሊፍ በሚባል እርሻ በድብቅ ሲኖሩ ኢላማ የሚለማመዱበት አሮጌ የአየር ጠመንጃ ነበራቸው። አንድ ቀን ዛፍ ጫፍ ላይ ያለች ድንቢጥ አነጣጠሩ። የቤቱ እመቤት አይመታትም ብላ ቀለደች፤ ወፏ ወደቀች። ሊኩራሩ ዘወር ሲሉ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው የቤቱ ልጅ እንባ አቅርሮ ለምን ገደልካት፣ እናቷ ታዝናለች አላቸው። ኩራታቸው ወዲያው ወደ እፍረት ተለወጠ።

ልጁ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ «ወረቀቱን ስንት ሜትር ላይ ልስቀል?» ብሎ ጠየቀኝ። በ25 ጀምር አልኩት፤ አምስቱ ጥይት በአንድ ብር ሳንቲም ሲሸፈን ወደ 50 ትሄዳለህ።