ስቶክፊሽ እና 16 ሜጋባይቱ

ስቶክፊሽ ከዓለም የቼዝ ሞተሮች ግንባር ቀደሙ ነው፤ ለማንም በነፃ ይሰጣል። ኖርዌያዊው ቶርድ ሮምስታድ ከጻፈው ግላውሩንግ ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በጣሊያናዊው ማርኮ ኮስታልባ እጅ የአሁኑን ስሙን አገኘ። ማንኛውንም የሰው ሻምፒዮን በሰፊ ልዩነት ይበልጣል። ይህን ያህል ኃይል ያለው ሞተር ግን በብዙ ቤቶች የሚሠራው በአቅሙ አይደለም።

ሞተሩ የራሱ ሰሌዳ የለውም። ሰሌዳውን የሚያሳየው እንደ አሬና ያለ ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ሁለቱን የሚያነጋግራቸውም ሩዶልፍ ሁበርና ስቴፋን ማየር-ካህለን በ2000 ያወጡት ዩሲአይ የተባለው ደንብ ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት ሞተሩን ይጠራዋል፤ ሞተሩም ስሙንና የሚቀበላቸውን ማስተካከያዎች ዘርዝሮ ይመልሳል። ከዚያ የተጠቃሚው ምርጫ ይላክለታል፣ ዝግጁ መሆኑ ይጠየቃል፣ ሥራው ይጀመራል። ይህ ሁሉ በቅጽበት ስለሚያልቅ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ምርጫ ካልተላከለት ግን ስቶክፊሽ የሚነሣው በ1 ትሬድ (አንድ ኮር ብቻ በሚሠራበት የስሌት መስመር) እና በ16 ሜጋባይት ሃሽ ነው። ባለ 8 ኮር ኮምፒውተር ገዝቶ ሰባቱን ኮር ሥራ ፈት ማስቀመጥ ማለት ይህ ነው።

ትሬዱን እንኳ ብዙዎች ይደርሱበታል። የሚረሳው ሃሹ ነው።

ሃሽ የሞተሩ ማስታወሻ ደብተር ነው። በቼዝ ወደ አንድ አቀማመጥ የሚያደርሱ መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ነጭ በዲ4 ጀምሮ ሲ4 ቢያስከትል ወይም በሲ4 ጀምሮ ዲ4 ቢያስከትል፣ የጥቁር መልስ አንድ እስከሆነ ድረስ ሰሌዳው ያው ነው። አልበርት ዞብሪስት በ1970 ባቀረበው ዘዴ፣ እያንዳንዱ ጠጠር በቆመበት ካሬ የራሱ የዘፈቀደ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሮቹ ሲጣመሩ ለአቀማመጡ መለያ ይሆናሉ። ሞተሩ በዚያ መለያ የቀድሞ ስሌቱን ፈልጎ ያገኛል፤ አንዴ የደከመበትን ዳግመኛ አይደክምበትም።

የዚህን ጥቅም ለማየት የሚፈልግ ሰው ኢማኑኤል ላስከርና ጉስታቨስ ራይክሄልም በ1901 ያጠኑትን የፍጻሜ አቀማመጥ ሰሌዳ ላይ ይደርድር። ነጭ፦ ንጉሥ ኤ1፣ ወታደሮች ኤ4፣ ዲ4፣ ዲ5፣ ኤፍ4። ጥቁር፦ ንጉሥ ኤ7፣ ወታደሮች ኤ5፣ ዲ6፣ ኤፍ5። ተራው የነጭ ነው። ወታደሮቹ ሁሉ ተቆላልፈዋል፤ መንቀሳቀስ የሚችሉት ሁለቱ ነገሥታት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ያው አቀማመጥ በሺህ መንገድ እየዞረ ይመጣል። የሚያሸንፈው ንጉሡን ወደ ቢ1 መውሰድ ነው፤ ለዓይን ምንም የማይመስል እርምጃ። ማስታወሻ ያለው ሞተር ቶሎ ይደርስበታል፤ የሌለው ያንኑ መንገድ እየደጋገመ ሲቆጥር ይውላል።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ተስፋፍተዋል። የመጀመሪያው፣ ሃሹ ሲሞላ ሞተሩ ይቆማል የሚለው ነው። አይቆምም። ያረጀውንና ጥልቀት የሌለውን ስሌት እያነሣ በቦታው አዲስ ይጽፋል። ጉዳቱ ረጅም ትንተና ላይ ይታያል፤ 16 ሜጋባይት ፈጥኖ ይሞላና የተለፋበት ስሌት ይጠፋል። ሌሊቱን ሙሉ አንድ አቀማመጥ ሲያስተነትን አድሮ ጠዋት «ሞተሩ ሐሳቡን ይለዋውጣል» የሚል ተጫዋች መጀመሪያ ይህን ቁጥር ይመልከት።

ሁለተኛው የተቃራኒው ስህተት ነው፤ የኮምፒውተሩን ራም በሙሉ ለሃሽ መስጠት። ራሙ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ወደ ዲስክ መጻፍ ይጀምራል፤ ዲስክ ደግሞ ከራም እጅግ ቀርፋፋ ስለሆነ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል። 8 ጊጋባይት ራም ላለው ኮምፒውተር 2048 ሜጋባይት በቂ ነው፤ የቀረው ለሌሎች ፕሮግራሞች ያስፈልጋል።

ቅደም ተከተሉም መጠበቅ አለበት። የስቶክፊሽ መመሪያ የሚመክረው ትሬድን አስቀድሞ፣ ሃሽን አስከትሎ መወሰን ነው። ትንተናው ከተጀመረ በኋላ የሃሹን መጠን መነካካት አይገባም፤ መጠኑ ሲቀየር የተከማቸው ሁሉ ይሰረዛል።

መልቲፒቪ የሚባለው ማስተካከያ ስንት አማራጭ መስመር እንደሚታይ ይወስናል። ለመማር 3 መልካም ነው፤ ምርጡን እርምጃ ብቻ ለሚፈልግ ግን 1 ይበቃል፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ መስመር ጊዜ ይሻማልና። ለፍጻሜ ጨዋታ ሮናልድ ደ ማን ያዘጋጃቸው፣ ጥቂት ጠጠር የቀረባቸውን አቀማመጦች ውጤት አስቀድመው የያዙ የሲዚጂ ሠንጠረዦች አሉ። እስከ 5 ጠጠር ያሉት 1 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ስለሆኑ ማንም ሊጭናቸው ይችላል፤ ባለ 6 ጠጠሮቹ ወደ 150 ጊጋባይት ይጠጋሉ፤ እነሱን ፈጣን ኤስኤስዲ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል።