ዩኒፎርሙ አንድ ነው፤ ልጆቹ ግን ልዩ ልዩ ናቸው

ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አለባበስ ነው። ጉዳዩ ቀላል ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችሁ አገር ቤት የሚማር ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት አላችሁ። ከደመወዛችሁ ለልብስና ለጫማ የሚሄደው ጥቂት አይደለም። በስልክ ከሚነሱት ጭቅጭቆችም አንዱ ይኸው ነው።

ስለ ተማሪ ልብስ ደግሞ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የምታጥቡት፣ የምትተኩሱት፣ ቁልፉ ሲበጠስ የምትተክሉት እናንተ ናችሁና።

በአል ጂሚ የምናየው

የዚህ አገር ልጅ በአንገቱ ኮሌታ የሌለው ነጭ ከንዱራ ለብሶ ይወጣል። ከሩቅ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው። ካውያ የያዘ ሰው ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። አንዱ ከደረቱ ላይ የሚወርደውን ዘርፍ ረዘም ያለ ይወዳል፤ ሌላው ጭራሽ አይፈልገውም። አንዱ ጉትራውን በዒቃል ያስራል፤ ሌላው ሐምዳኒያ በሚሉት አጠማጠም ይጠመጥማል፤ ሦስተኛው በከንዱራው ላይ የስፖርት ኮፍያ ያደርጋል። ክረምት ሲገባ ቡናማና ግራጫ ከንዱራ ይመጣል። ሴቶቹም ጥቁሩን አባያ ትተው ባለ ቀለሙን፣ ከፊት ክፍት የሆነውን ይመርጣሉ። ከድንበሩ ማዶ ቡረይሚ ያለው ዑማናዊ ደግሞ ዘርፉ አጭር ነው፤ በራሱም ላይ ኩማ የተባለውን ጥልፍ ቆብ ይደፋል። ልብሱ ሳይናገር ከየት እንደመጣ ይናገርለታል።

ማዳም «ለምን ተርቡሻውን አስቆረጥክ?» ብላ ልጇን ስትቆጣ የሰማ ሰው፣ ይህ ነገር የእኛ ቤት ችግር ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል።

አገር ቤትስ?

በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም የተለመደ ነው። ሸሚዝ፣ ሱሪ ወይም ጉርድ ቀሚስ፣ ሹራብ። ዓላማው መልካም ነው፤ የባለጸጋውና የድሃው ልጅ በአንድ ወንበር ሲቀመጡ እንዳይተያዩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የከተማው አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ መስጠት መጀመሩ ለብዙ ወላጆች እፎይታ ሆኗል።

ልጆቹ ግን በዚያው በዩኒፎርሙ ውስጥ መንገድ ያገኛሉ። ሱሪውን ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደው ያስጠብባሉ። ሹራቡን ወገባቸው ላይ ያስራሉ። በሸሚዙ ሥር ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ይለብሳሉ። ሁሉም ካልተቻለ በጫማና በፀጉር ይለያሉ። ዩኒት ሊደሩ በር ላይ ቆሞ ሲመልስ፣ እነሱም በማግስቱ ሌላ ዘዴ ይዘው ይመጣሉ። የባህል ቀን ሲደርስ ደግሞ ያው ልጅ የአያቱን አገር ልብስ ለብሶ በኩራት ይጨፍራል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲጨርሱ በሸሚዛቸው ላይ ይፈራረማሉ። ለሦስትና ለአራት ዓመት የታገሉት ዩኒፎርም በመጨረሻ ቀን ማስታወሻ ይሆናል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም

«የዛሬ ልጅ ከፋ» ከማለታችን በፊት ወደ ኋላ እንመልከት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሚኒ ቀሚስ፣ አፍሮ ፀጉርና ቤል ቦቶም ሱሪ ከተማውን ሲያነጋግሩ ነበር። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ፣ ተማሪዎች «የባዕድ ባህል ነው» ብለው ተቃወሙ። ግርግር ተነሳ፣ ፖሊስ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። በልብስ የተነሳ ጠብ ከልብስ አልፎ ሄደ ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲና የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችንና መምህራንን ካኪ አልብሶ ወደ ገጠር ላከ። ዛሬ ስለ ልጅ አለባበስ የሚቆጡት አያቶች ያኔ ወጣቶች ነበሩ።

ልጁ ምን እያለ ነው?

እንግዲህ ዋናው ነጥብ ይህ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በልብሱ «እኔ ማን ነኝ? አያችሁኝ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እናቱ አጠገቡ ያለች ልጅ መልሱን ከዓይኗ ያነባል። እናቱ ባሕር ማዶ ያለች ልጅ ግን መልሱን ከሚላክለት ሻንጣ ይጠብቃል።

አንዲት እህታችን እንዲህ ብላናለች፤ «ልጄን ትቻት ስመጣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሁለተኛ ውሌን ስጨርስ ሙሉ ልብስ ገዝቼ ላክሁ። እሷም ደውላ ‹እማዬ፣ ይኼ እኮ ለትንሽ ልጅ ነው› አለችኝ። እኔ ጋ ያለችው ያቺ ትንሿ ልጅ ናት። ስልኩን ዘግቼ አለቀስሁ።»

ልብሱ የጠበባት ልጅ የተቆጣችው በጨርቁ አይመስለንም። ማደጓ ሳይታይላት በመቅረቱ ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይቀድማል። ምን ትወጃለሽ? ጓደኞችሽ ምን ይለብሳሉ? ለምን ወደድሽው? እንዲህ ያለው ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም፤ ለልጅ ግን ከጫማ ይበልጣል።

መጠየቅ ማለት ግን የተጠየቀውን ሁሉ መግዛት አይደለም። የታወቀ ማርካ ያለበት አንድ ስኒከር የብዙ ቀን ላብ ነው። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። ልጅ የእናቱን ልክ ማወቅ አለበት። «በዚህ ዓመት ለልብስ ያለኝ ይህን ያህል ነው፤ እንዴት እንደምናደርገው አብረን እንምረጥ» ብላችሁ ቁርጡን ንገሩት። ቁርጡን የሚያውቅ ልጅ መምረጥን ይማራል፤ መርጦ የለበሰውንም ይንከባከባል። ለቁጠባ የያዛችሁትን ለጫማ አታንሱ።

ጥቂት የሚጠቅሙ ምክሮች

ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት ደረቱን፣ ወገቡንና ቁመቱን በሜትር ለክተው በስልክ ይላኩላችሁ። ለጫማ ልጁ ወረቀት ላይ ቆሞ እግሩን በእርሳስ ያስምር፤ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነም ይንገራችሁ። በጫማ ላይ ሁለትና ሦስት ዓይነት ቁጥር ስለሚኖር አገር ቤት የለመድነውን፣ 38 ወይም 40 የሚለውን ተመልከቱ።

ማዳም ልጇ የተወውን ልብስ ስትሰጣችሁ ተቀበሉ፤ ብዙ ልጆች በዚያ ደምቀው ይማራሉ። ነገር ግን ተጥሏል ብላችሁ ሳይሰጣችሁ አንዲት ካልሲ እንኳ አታንሱ። የተሰጣችሁን በስልክ መልእክት «ስለ ልብሱ አመሰግናለሁ» ብላችሁ ጻፉላት፤ መልሷንም አስቀምጡ። ወደ አገር ስትገቡም ሻንጣችሁን እሷ ባለችበት እጠፉ። ስማችሁ ከማንኛውም ልብስ ይበልጣልና።

አንዳንዴ ደግሞ ከዚህ ከምትልኩ ይልቅ ገንዘቡን ልካችሁ በሠፈሩ ልብስ ሰፊ ይሰፋ። ሽሮ ሜዳ የተገዛ ጥለት ያለበት ሸሚዝ ከውጭ ከሚመጣው አያንስም፤ በልኩም ይሆናል።

ውድ እህቶች፣ በዚህ ሳምንት ስትደውሉ «ትምህርት እንዴት ነው?» ካላችሁ በኋላ «እስቲ ቁመትሽ የት ደረሰ? ፎቶ አንሺና ላኪልኝ» በሉ። ፎቶው ሲመጣ ልብሱን ከመንቀፍ በፊት «አምሮብሻል» ማለትን አትርሱ። ምክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለልጆቻችሁ በሰላም የምትደርሱበትን ቀን ያቅርብላችሁ።