የሐይቅ ጭቃና የክረምት ጠርሙስ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1952 ዴንማርካዊው ሳይንቲስት ቪሊ ዳንስጎር ኮፐንሃገን ውስጥ ግቢው ሣር ላይ ባዶ የቢራ ጠርሙስ አቆመ፤ አፉ ላይም ፈነል ሰክቶ ዝናብ ማጠራቀም ጀመረ። የሚፈልገው ኦክስጅን 18 የሚባለውን ከባዱን ኦክስጅን ነበር። ይህን የያዘ ውኃ ለመትነን ይዘገያል፤ ጠብታ ሆኖ ለመውረድ ግን ይቀድማል። ስለዚህ ደመናው እየቀዘቀዘ በሄደ ቁጥር የሚቀረው ዝናብ እየቀለለ ይመጣል። ዳንስጎር ከዚህ ተነሥቶ በ1954 አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ግሪንላንድ ላይ በየዓመቱ ተደራርቦ የረጋው በረዶ የየዘመኑን ሙቀትና ቅዝቃዜ ይነግረናል። ዛሬ ከአንታርክቲካ በወጣ የበረዶ ዓምድ 800 ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ተነብቧል።

ኢትዮጵያ የሚቆፈር ግግር በረዶ የላትም። ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት የባሌ ተራሮች ግግር ተሸክመው ነበር፤ እሱም ቀልጦ ካለቀ ብዙ ሺህ ዓመት ሆነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የበረዶ ተመራማሪው ሎኒ ቶምፕሰን ቡድን ከታንዛኒያው ኪሊማንጃሮ አናት ስድስት የበረዶ ዓምዶች አወጣ። ከ4 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የነበረው ንብርብር ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው አቧራ ተገኘ፤ የከባድ ድርቅ ምልክት ነው።

የኢትዮጵያ የአየር ንብረት መዝገብ ያለው ግን ጭቃ ውስጥ ነው። በደቡብ፣ ዛሬ ጨዋማ ሜዳ በሆነው ጨው ባሕር ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ቁፋሮ ተካሂዶ 280 ሜትር ያህል ደለል ወጣ። ከሥራው መሪዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው የጂኦሎጂ ተመራማሪ አስፋወሰን አስራት ናቸው። የወጣው ዓምድ ቁመቱን ተከትሎ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ግማሹ ለመጪ ተመራማሪ ይቀመጣል፤ የተሰነጠቀው ዓምድ ገጽ በኤክስሬይ መሣሪያ ሥር ቀስ እያለ ያልፋል። መሣሪያው ከሚቆጥራቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ፖታሲየም ነው። ሐይቁ ሲጎድልና ጨውነቱ ሲበረታ የሸክላው ማዕድን ፖታሲየም እየያዘ ያስቀራል፤ ፖታሲየም የበዛበት ጭቃ የድርቅ ዘመን ጭቃ ነው ማለት ነው። በዚህ መንገድ 620 ሺህ ዓመት ተነብቧል። እስከ 275 ሺህ ዓመት በፊት ድረስ ያለው ዘመን በአመዛኙ እርጥብና የተረጋጋ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እርጥበትና ድርቀት በፍጥነት መፈራረቅ ያዙ፤ ከ60 ሺህ እስከ 10 ሺህ ዓመት በፊት በነበረው ጊዜ ደግሞ ድርቁ ከምንጊዜውም በላይ ጠና።

ጣናም ደርቆ ያውቃል። ሄንሪ ላምብ፣ መሐመድ ኡመርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት የሐይቁ መካከል የደንገል ረግረግ ነበር። ውኃው እየሞላ ሲመጣ መጀመሪያ ጨው ቀመስ ሆነ፤ ከ14,750 ዓመት በፊት ሞልቶ ወደ ዓባይ ሲፈስ እንደገና ጣፈጠ። የጨውነቱን ለውጥ ያሳወቁት ጭቃው ውስጥ የቀሩት ደቃቅ የአልጌ ቅርፊቶች ናቸው፤ ጨው የሚወዱትና ንጹሕ ውኃ የሚወዱት ዝርያዎች ይለያያሉና።

ለባለሙያው ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሙቀትን ከኦክስጅን የሚያነበው የግሪንላንድ ሕግ እዚህ እንዳለ አይሠራም። ከፍታ ሲጨምር ዝናብ ይቀላል ይባላል፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ሆና ዝናቧ ከሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ጣቢያዎች ዝናብ ይከብዳል። ይህ የታወቀው የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እዚህ ናሙና ስላሰበሰቡ ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ከኮንጎ ደን ቅጠሎች ተንኖ ከሚመጣው እርጥበት ጋር ያያይዙታል። በዚህ አገር ኦክስጅኑ ከሙቀቱ ይልቅ የዝናቡን መጠንና የመጣበትን አቅጣጫ ይናገራል። የዛሬውን ዝናብ ያልለካ ባለሙያ የጥንቱን ሐይቅ ከኦክስጅኑ በትክክል ሊያነብ አይችልም።

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት የውኃ ኬሚስት ሐምሌና ነሐሴን የምታሳልፈው በዚሁ ሥራ ነው። ጎረቤቶቿ ከጣሪያ የሚወርደውን ውኃ በበርሜል ሲቀበሉ፣ እሷ ከጣሪያው ርቃ ገላጣው ላይ ጠርሙሷን ትተክላለች፤ የጣሪያ ውኃ አቧራ ያነካካዋል፣ ፀሐይም ያተነዋል። ጠርሙሱ ውስጥ ስስ የፓራፊን ዘይት አለ፤ ላዩ ላይ ተንሳፎ ትነትን ያግዳል። ናሙናውን ከዘይቱ ሥር ቀድታ ወደ ትንሽ ጠርሙስ ታዛውራለች፣ አየር ሳይቀር እስከ አፉ ትሞላለች፣ አጥብቃ ትከድናለች፣ ቀኑንና የዝናቡን መጠን ትጽፍበታለች።

ሥራው ከሐይቅ ጥናት አልፎ ለሠፈሩም ይተርፋል። ምሥራቅ አዲስ አበባ ከሚጠጣው ውኃ ከፊሉ የሚመጣው ከለገዳዲ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የጉድጓድ ውኃ ከዛሬው ክረምት ዝናብ ጋር በኦክስጅኑና በሃይድሮጂኑ ከተመሳሰለ፣ ጉድጓዱ አሁንም ከአካባቢው ዝናብ እየተሞላ ለመሆኑ አንድ ማስረጃ ነው። ካልተመሳሰለ ከሌላ ከፍታ የመጣ፣ ወይም በሌላ የአየር ንብረት ዘመን ሰርጎ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ውኃ ደግሞ ሲቀዳ ቶሎ አይተካም። በዓመት ምን ያህል ይቀዳ የሚለውን ለመወሰን ጉድጓዱም ዝናቡም በየክረምቱ፣ ሳይቋረጥ፣ ጎን ለጎን መለካት አለባቸው።