ዘይት የሚበላው ኮሮላ

«ዘይት ይጎድላል፤ ግን መሬት ላይ አንዲት ጠብታ የለም፣ ጭስም አያጨስም።» ይህን የሚለኝ ሰው ይዞት የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2002 ድረስ የተሠራ ባለ 1.8 ሊትር ቶዮታ ኮሮላ ከሆነ፣ ገና ኮፈኑን ሳልከፍት ጥርጣሬዬ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። የሞተሩ መለያ 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ይባላል። ብዙ ዓመት የሠራሁበት ሞተር ነው፤ እወደዋለሁ። ችግሩ በጊዜ ታውቆ ቢያዝ ኖሮ ዛሬም ይሠሩ የነበሩ ብዙ ሞተሮች ያለ ጊዜያቸው ሲጣሉ ስላየሁ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ አሠራሩ። ይዘቱ 1,794 ሲሲ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ የእያንዳንዱ የውስጥ ስፋት 79 ሚሊሜትር ሲሆን ፒስተኑ ከታች ወደ ላይ የሚጓዘው 91.5 ሚሊሜትር ነው። ጉዞው ከስፋቱ ስለሚበልጥ በዝቅተኛ ዙር ጥሩ ጉልበት ይሰጣል፤ ለከተማ መንገድ ይመቻል። 16 ባልቦላና ሁለት ካምሻፍት አለው። ካምሻፍቶቹን የሚያዞረው እንደ ድሮዎቹ የኮሮላ ሞተሮች ቺንጋ ሳይሆን ሰንሰለት ነው፤ ስለዚህ በየጊዜው ቺንጋ የመቀየር ጣጣ የለበትም። ብሎኩ አሉሚኒየም ነው፤ ፒስተኑ የሚንሸራተትበት ግድግዳ ግን ስስ የብረት ላይነር አለው። እንደ መኪናው ዓይነት ከ120 እስከ 140 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። በአቬንሲስ፣ በራቭ ፎር፣ በሴሊካ፣ ሌላው ቀርቶ በእንግሊዙ ሎተስ ኤሊዝ ላይም ተገጥሟል። የሎተስ መሐንዲሶች ለስፖርት መኪና የመረጡትን ሞተር ደካማ ነው ማለት አይቻልም። ዘይት ከነፊልትሮው የሚይዘው 3.7 ሊትር ብቻ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ችግሩ ፒስተኑ ላይ ነው። እያንዳንዱ ፒስተን ሦስት ፋሻ አለው። የላይኞቹ ሁለቱ ዋና ሥራቸው የታመቀው ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥ መያዝ ነው። ሦስተኛው የዘይት ፋሻ ሲሆን ግድግዳው ላይ የተረጨውን ዘይት፣ ወጥ ከድስት ጠርዝ በእንጀራ ጠርጎ እንደማውረድ፣ ጠርጎ ይመልሰዋል። የተጠረገው ዘይት ከፋሻው ጀርባ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች በፒስተኑ ውስጥ አልፎ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ወደ ኮፓው፣ ይወርዳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞተሮች ላይ እነዚህ ቀዳዳዎች ጥቂትና ጠባብ ነበሩ። ዘይቱ በፍጥነት ስለማይወርድ እዚያው ይሞቃል፣ ይቃጠላል፣ ካርቦን ይሆናል። ካርቦኑ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ቀዳዳው ሲደፈን ደግሞ ፋሻው ባለበት ይጣበቃል። ቶዮታ በኋላ የፒስተኑን ንድፍ ለውጦ የዘይት መውረጃውን አስፍቶታል። የኋለኛዎቹ ዓመታት ሞተሮች ከዚህ ችግር በብዙ የተሻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ከእንደዚህ ዓይነት ሞተር የወጣ ፒስተን እጃችሁ ላይ ቢቀመጥ ነገሩ በአንድ እይታ ይገባችኋል። የላይኛውን ፋሻ በጥፍር ስትጫኑት ይገባል፣ ስትለቁት ተመልሶ ይወጣል። ሦስተኛው ግን ሁለት ስስ ቀለበትና በመሀላቸው ያለ የተጣጠፈ ስፕሪንግ መሆኑ ቀርቶ አንድ ጥቁር ድፍን ነገር ሆኗል። ብትጫኑት አይነቃነቅም። ፋሻው የተቀመጠበትን ጉድጓድ በቤንዚን አርሳችሁ ብትፍቁት ጥቁሩ በሽርፍራፊ ይነሳል፤ ቀዳዳዎቹን ለማግኘት ግን በመርፌ መፈለግ ያስፈልጋል። ይህን ለባለመኪናው ሁልጊዜ አሳየዋለሁ። ገንዘቡ የት እንደገባ ማየት መብቱ ነው፤ ከዚያም በላይ አንዴ ያየ ሰው የዘይቱን መለኪያ ማየት አይረሳም።

ጭስ የማይታየው ለምንድን ነው? ዘይቱ በትንሽ በትንሹ በየዙሩ ስለሚቃጠልና የጭስ ማውጫው ካታሊስት የቀረውን ስለሚያቃጥለው ነው፤ ካታሊስቱ ራሱ በሂደት በዚሁ ይበላሻል። የግፊት ልኬት ሲደረግም ሞተሩ ጤነኛ መስሎ ይገኛል፤ የላይኞቹ ሁለት ፋሻዎች ደህና ናቸውና። እዚህ ላይ ለሙያ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ልናገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ጌጃችሁ በፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ቁጥር ቢያሳይ «ሞተሩ አልቋል» ብላችሁ አትፍረዱ። የሚፈርደው በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። በዚህ ስሌት ስህተት ስንት ደህና ሞተር ወርዷል!

አሁን ወደ 3.7 ሊትሯ እንመለስ። የቶዮታ የባለቤት መመሪያ መጻሕፍት ለ1,000 ኪሎሜትር እስከ አንድ ሊትር ዘይት መጉደሉን ተቀባይነት ካለው ልክ ውስጥ ያስገቡታል። እዚህ አገር ብዙው ሰው ዘይት የሚቀይረው በ5,000 ኪሎሜትር ነው። አስሉት፤ ያ ሞተር በመጽሐፉ ልክ ቢበላ እንኳ በ3,000 ኪሎሜትር ኮፓው ውስጥ የሚቀረው ከአንድ ሊትር በታች ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ የዘይት መብራት ደግሞ የሚያየው ግፊትን እንጂ መጠንን አይደለም። ፖምፑ አየር መሳብ ሲጀምር ነው የሚበራው፤ ያኔ ብሮንዚናው ብረት ከብረት መፋተግ ጀምሯል። ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዘው መሣሪያም በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው፤ ግፊቱ ሲወርድ ሰንሰለቱ ይላላል፣ ይንኳኳል። እንግዲህ ሞተሩን የሚገድለው ዘይት መብላቱ አይደለም። ዘይት እየበላ፣ እየተሞላለት፣ ዓመታት የሚሠራ 1ዜድዜድ ሞልቷል። የሚሞተው መለኪያውን ሳብ አድርጎ የሚያይለት ያጣው ነው። በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ መለኪያውን ጠርጎ መልሶ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከላይኛው ምልክት በላይ መሙላት ግን አያስፈልግም፤ የበዛ ዘይት ራሱ ወደ ማቃጠያው ይሳባል።

ጭስ ካለስ? መቼ እንደሚወጣ ተመልከቱ። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ነዳጅ ሳትሰጡ በማርሽ ወርዳችሁ፣ ታች ደርሳችሁ ቤንዚን ስትረግጡ ሰማያዊ ጭስ ቡን ብሎ ከጠፋ ተጠርጣሪው የባልቦላ ጎሚኒ ነው፤ እሱ ቴስታታው ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው። ዳገት ላይ ጉልበት ስትጠይቁት ያለማቋረጥ የሚያጨስ ከሆነ ፋሻው ነው። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ከሆነ፣ ውሃውም የሚጎድል ከሆነ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይታይ።

መፍትሔው ላይ በጣም የምከራከርበት ነገር አለ። ዘይት የሚበላን ሞተር «ወፈር ያለ ዘይት አድርግበት» የሚለው ምክር በየጋራዡ ይሰማል። 20ደብሊው-50 ሲሞላ መጉደሉ ለጊዜው ይቀንስ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሞተር በስስ ዘይት እንዲሠራ የተነደፈ ነው። በአዲስ አበባ የኅዳር ጠዋት ብርድ ወፍራም ዘይት ወደ ካምሻፍቱ እስኪደርስ ይዘገያል፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ሞዴል ጀምሮ የተጨመረው የባልቦላ ጊዜ ማስተካከያም በጠባብ ቀዳዳ በሚያልፍ ዘይት ነው የሚሠራው። እኔ የማደርገው ይህን ነው። መጀመሪያ ከሞተሩ ውስጥ የሚወጣውን ትነት የምታስተላልፈዋን ፒሲቪ ባልቦላ አያለሁ፤ ርካሽ ናት፣ ስትደፈን ግን ዘይት ታስበላለች። ቀጥሎ የውጭ ፍሳሽ፣ በተለይ ቴስታታው ጎን ያለውን የሰንሰለት መወጠሪያ ጎሚኒ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ካርቦን የሚያሟሟ ፈሳሽ በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሬ አሳድራለሁ፤ አንዳንዱን ያድነዋል፣ ሁሉንም አይደለም። እውነተኛው ጥገና ፒስተኖቹን አውጥቶ አዲስ ንድፍ ባላቸው ፒስተንና ፋሻ መተካት ነው። የድሮውን ፒስተን አጥቦ አዲስ ፋሻ ብቻ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጠባቦቹ ቀዳዳዎች እዚያው አሉ።

ሙቀትም ይህን ካርቦን ያባብሳል። ውሃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሞተሩ በመደበኛ ሥራው የሚደርስበት ሙቀት ማለት ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው በራዲያተሩ ክዳን የሚጠበቀው ግፊት ነው። ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ይዞ ዓባይ በረሃን መውጣት ቴስታታ ማጣመም ነው። ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ብቻ መሙላትም አሉሚኒየሙን ከውስጥ ይበላዋል፤ ኩላንት ይግባበት።

የቀሩት ችግሮች ቀላል ናቸው። ጠዋት ሲነሳ ዙሩ የሚዋዥቅ፣ የቼክ ኢንጅን መብራት አብርቶ ኮዱ ፒ0171 የሚል ከሆነ፣ የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ጓርኒሲዮን ደርቆ ወይም የአየር መለኪያው ሴንሰር አቧራ ይዞ ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩን ለእሱ በተሠራ ማጽጃ ማጠብ እንጂ ሽቦዎቹን በጨርቅ መንካት አይገባም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ እዚህ ያሉት ኮሮላዎች ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ መሥራታቸው ይቀጥላል። ልትገዙ ስትሄዱ ባለቤቱ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ ለምኑት፤ የላላ ሰንሰለት የሚንኳኳው በቀዝቃዛ አነሳስ ላይ ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ በባትሪ እዩ፤ ወርቃማ ቡናማ የሆነ ብረት በደንብ የተያዘ ሞተር ነው፣ ጥቁር ቅባት የጋገረበት አይደለም። ካንዴላዎቹ ይፈቱ፤ ጫፋቸው ላይ ዘይት ወይም ወፍራም ነጭ አመድ ካለ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ሞተር የሚገዛም ይህንኑ ይመልከት፤ የሚሸጥለት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት 1ዜድዜድ ከሆነ፣ ውስጡ ያሉት ፒስተኖች ከፈታው ሞተር ጋር አንድ ዓይነት ናቸው።