በተማሪዎች ካሜራ የተተረከ የዞምቢ ፊልም

«ዳያሪ ኦቭ ዘ ዴድ» አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጆርጅ ሮሜሮ በ2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሠራው አስፈሪ ፊልም ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2007 በቶሮንቶ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ነበር። ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ለዘመናዊው የዞምቢ ፊልም መሠረት የጣለ ሰው ነው።

በታሪኩ ውስጥ የፊልም ተማሪዎች ጫካ ገብተው የልምምድ ፊልም ሲቀርጹ ሙታን መነሣታቸውን ይሰማሉ። ወደየቤታቸው ሲሸሹ አንደኛው የሚደርስባቸውን ሁሉ ይቀርጻል፤ ተመልካች የሚያየውም ይህንኑ ቅጂ ነው፤ አቀናብራ የምትተርከው ፍቅረኛው ዴብራ ናት።

በእጅ የተያዘ ካሜራና ብዙም የማይታወቁ ተዋንያን ወጪን ይቀንሳሉ። ችግር ግን አለ፦ ሞት ፊቱ የቆመ ሰው ካሜራውን ጥሎ የማይሮጠው ለምንድን ነው? ሮሜሮ ጥያቄውን አልሸሸም፤ ከመርዳት ይልቅ መቅረጽን የሚያስቀድም ትውልድን መተቻ አደረገው።

የሃያሲያን አስተያየት ተከፋፈለ። ከፊሎቹ በመገናኛ ብዙኃን ላይ የሰነዘረውን ስላቅ አደነቁ። ሌሎቹ ትረካው መልእክቱን ደጋግሞ ያብራራል፣ ትወናውም ደካማ ነው ሲሉ ነቀፉት። ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ባቀረበው በመጨረሻው ፊልሙ «ሰርቫይቫል ኦቭ ዘ ዴድ» ወደ ተለመደው አቀራረጽ ተመልሷል።