የቦይ ዳር ሣር ሲታጨድ የታሰረው ጀልባ ምን ይሆናል?

በእንግሊዝ አገር ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ ሣር ፋታ አይሰጥም። ዝናቡ አይቋረጥም፣ ቀኑ ይረዝማል፤ ዛሬ ቁርጭምጭሚት ላይ የነበረው ሣር ብዙም ሳይቆይ ጉልበት ይደርሳል። በጀልባ ቦዮች ዳር የሚበቅለው ሣር ደግሞ ሁለት ጎረቤት አለው። በአንድ ወገን የእግር መንገዱ፣ በሌላ ወገን ውሃው ላይ ታስሮ የቆመው ጀልባ ነው። ሣሩ ካልታጨደ መንገደኛው ይቸገራል፤ በግዴለሽነት ከታጨደ ደግሞ በጀልባው የሚኖረው ሰው ይጎዳል። ሁለቱንም ሳይጎዱ ማጨድ ይቻላል። እንዴት እንደሚቻል ለመረዳት ግን መንገዱ ለምን እንደተሠራ፣ ጀልባው ምን ዓይነት ቤት እንደሆነና ማጨጃው ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፈረስና ገመድ የጠረጉት መንገድ

አብዛኞቹ የእንግሊዝ ቦዮች የተቆፈሩት በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1760ዎቹ እስከ 1830ዎቹ ባለው ጊዜ ነው። ባቡር ከመስፋፋቱ በፊት የድንጋይ ከሰሉም፣ የሸክላ ዕቃውም፣ እህሉም በጀልባ ይጓጓዝ ነበር። ጀልባውን የሚጎትተው ፈረስ ነው። በጋሪ ሁለት ቶን መጎተት የሚከብደው ፈረስ በረጋ ውሃ ላይ 30 ቶን ያህል የጫነ ጀልባ ይስብ ነበር። ዛሬ ሰው በእግሩና በብስክሌት የሚሄድበት የቦይ ዳር መንገድ ያኔ ለዚህ ፈረስ የተሠራ ነው።

ከፈረሱ እስከ ጀልባው የተዘረጋው ረጅም ገመድ የውሃውን ጠርዝ እየጠረገ ያልፋል። በመንገዱና በውሃው መካከል ዛፍ ወይም ቁጥቋጦ ካለ ገመዱ ይያዛል። ስለዚህ ያ ወገን ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን ይደረግ ነበር። የገመዱን ጉልበት በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ለንደን ውስጥ፣ በሪጀንትስ ፓርክ አጠገብ ወዳለው የማክልስፊልድ ድልድይ ይሂድ። ኦክቶበር 2 ቀን 1874 ባሩድ የጫነ ጀልባ ከድልድዩ ሥር ፈንድቶ ድልድዩን አፈረሰው። እንደገና ሲሠራ የቀድሞዎቹ የብረት ምሰሶዎች ፊታቸው ዞሮ ተተከሉ። በዚህም ምክንያት ገመድ ብረቱን ሞርዶ የሠራው ጎድጓዳ መስመር ዛሬ በምሰሶዎቹ በሁለቱም በኩል ይታያል። ብረት የሚሞርድ ገመድ ለሣርና ለቁጥቋጦ ምን ያህል ይራራል?

ፈረሱ በሞተር ሲተካ ጠራጊው ገመድም አብሮ ቀረ፤ የጠርዙ ጽዳት ለሰውና ለማሽን ተላለፈ። ከ2012 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል ቦይና ወንዝ የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በእነዚህ ውሃዎች ላይ ከ35,000 በላይ ጀልባዎች አሉ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ለባለቤቶቻቸው መኖሪያ ቤት ናቸው።

ከሣሩ አንድ ክንድ የራቀ ቤት

በእነዚህ ቦዮች ላይ በብዛት የሚታየው ጀልባ ወርዱ 2.1 ሜትር ያህል ብቻ፣ ርዝመቱ ግን እስከ 22 ሜትር የሚደርስ የብረት ጀልባ ነው። ውስጡ አልጋ፣ ማብሰያ ቤት፣ የማገዶ ምድጃ አለው። ከፊትና ከኋላ በገመድ ይታሰራል። የብረት ቀለበት በሌለበት ቦታ ባለቤቱ ግማሽ ሜትር የሚያልፍ የብረት ችካል በመዶሻ ሣሩ ውስጥ ይተክልና ገመዱን እዚያ ላይ ይቋጥራል። ከሣሩ እስከ መስኮቱ አንድ ክንድ ያህል ነው።

በ1995 በወጣው የብሪቲሽ ወተርዌይስ ሕግ መሠረት ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ጀልባ ያለ በቂ ምክንያት በአንድ ቦታ ያለማቋረጥ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይፈቀድለትም። ዛሬ እዚህ ያደረ ጀልባ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሰፈር ነው። ስለዚህ ነዋሪው በቆመበት ሰፈር ሣር መቼ እንደሚታጨድ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ የማሽኑን ድምፅ ሲሰማ ነው።

ማሽኑ የሚያደርሰው ጉዳት

መንገደኛው የሚያየው በትከሻ የሚንጠለጠለውን ማጨጃ ነው። ሣሩን የሚቆርጠው ምላጭ አይደለም፤ በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር የሚሽከረከር የናይሎን ክር ነው። ክሩ ሣርና ጠጠር አይለይም። ያገኘውን ጠጠር እንደ ወንጭፍ ይወረውረዋል። ለዚህ ነው የማሽኖቹ መመሪያ ሌላ ሰው ቢያንስ 15 ሜትር እንዲርቅ የሚያዘው። የቦይ ዳር መንገድ ግን በብዙ ቦታ ወርዱ ከሁለትና ከሦስት ሜትር አይበልጥም። ጀልባው ውስጥ የተቀመጠ ሰው ወዴት ይራቅ? ጠጠሩ መስኮት ይሰብራል፤ ቀለሙንም ይፈነቅላል። ቀለም የተነሣበት ብረት ደግሞ ውሎ አድሮ ይዝጋል።

ሁለተኛው ጉዳት ከሣሩ ራሱ ይመጣል። ጤዛ ወይም ዝናብ የነካው ሣር ሲቆረጥ አረንጓዴ ሊጥ ይሆናል። ይህ ሊጥ በጀልባው ጎን፣ በመስኮቱ፣ ጣሪያው ላይ ባለው የሶላር ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በዚያው ሰዓት ውሃ ቢደፋበት ይወርዳል፤ ፀሐይ ካደረቀው ግን በጥፍር ተፍቆ እንኳ አረንጓዴ እድፍ ጥሎ ይቀራል። ጀልባው በቅርቡ ተቀብቶ ቀለሙ ገና ካልጠነከረ ሣሩ ከቀለሙ ጋር ተጣብቆ ይደርቃል።

ዓይን የማያየው ጉዳት ከዚህ ይብሳል። በጀልባው የፊት መድረክ ላይ የዝናብ ውሃ የሚወርድባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በሣር ከተደፈኑ ውሃው እዚያው ተጠራቅሞ በበሩ ሥር ወደ ውስጥ ይገባል። በበሩና በጣሪያው ያሉት የአየር ማስገቢያዎችም እንዲሁ ሊዘጉ ይችላሉ። የከሰል ምድጃ በተዘጋ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። በጀልባ ምድጃም የሚገድለው ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። በየአራት ዓመቱ በሚደረገው የጀልባ ደኅንነት ምርመራ የአየር ማስገቢያው የሚታየውም ስለዚህ ነው።

ገመዱም አለ። ረጅም ሣር ውስጥ የተደበቀ ማሰሪያ ክሩ ከነካው ይተለተላል። የተተለተለ ገመድ ወዲያው ላይበጠስ ይችላል፤ ሌላ ጀልባ በፍጥነት ሲያልፍ ውሃው የታሰረውን ጀልባ ሲስበው ግን ይበጠሳል። ማታ ሰው ተኝቶ ሳለ ቤቱ ከዳር ይለቅና ቦዩን አቋርጦ ይጋደማል።

ወደ ውሃው የተጣለ ሣርም ጠፍቶ አይጠፋም። ረጃጅሙ በጀልባ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፤ ደቃቁ ሞተራቸውን በቦዩ ውሃ የሚያቀዘቅዙ ጀልባዎችን የውሃ መሳቢያ ይደፍናል። የቀረው ሲበሰብስ ዓሣ የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይሻማል።

ሳይታጨድ የሚተወው ጠርዝ

በብዙ ቦታ መንገዱ ታጭዶ ውሃው ጠርዝ ላይ አንድ ረድፍ ሣር ቆሞ ይታያል። ይህ ስንፍና አይደለም። የሣሩ ሥር አፈሩን ይዞ ጀልባ የሚያስነሣው ሞገድ ዳሩን እንዳይሸረሽረው ያግዛል። በሕግ የምትጠበቀው የውሃ አይጥም የምትጠለለው እንዲህ ባለ ሣር ውስጥ ነው። ሆኖም ጀልባ በሚቆምበት ቦታና ውሃው በበር ተይዞ ከፍና ዝቅ በሚልበት ስፍራ ጠርዙ መታጨድ አለበት። እዚያ ሰው ገመድ ይዞ ከጀልባ ወደ መሬት ይወርዳል። መሬቱ የት እንደሚያልቅ ካላየ ሣር ረገጥኩ ብሎ ውሃ ይረግጣል።

ማን ምን ያድርግ?

አጫጁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በእግሩ ሄዶ ገመዱንና ችካሉን ይፈልግ፤ የጀልባውን ጣሪያ አንኳኩቶም ሰው ካለ ይንገር። ሣሩን ብቻ አይቶ ገመዱን ያላየ አጫጅ፣ ሣሩን አይቶ ገደሉን ካላየው በሬ አይለይም። የተቆረጠው ሣር ከጀልባው በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲወድቅ አድርጎ ይጨድ። በጀልባው አጠገብ ሲደርስ የሞተሩን ፍጥነት ይቀንስ፤ ከተቻለ ሌላ ሠራተኛ መከለያ ሰሌዳ ይያዝለት። በገመድ ዙሪያ ያለውን ሣር በእጅ መቀስ መቁረጥ ይሻላል። ጀልባ አለ ብሎ ጨርሶ አልፎ መሄድም መፍትሔ አይሆንም፤ የቀረው ሣር ችካሉን ሸፍኖ የሚመጣውን መንገደኛ ያደናቅፋል።

የጀልባው ነዋሪም ድርሻ አለው። ችካሉ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም ኳስ ይሰካበት፤ ከሩቅ ይታያል። የአበባ ማሰሮ፣ ብስክሌትና የውሃ ጎማ ሣሩ ላይ አይተው። የማጨጃ ድምፅ ሲሰማ መስኮቱን ይዝጋ። አጫጁ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሣሩ ሳይደርቅ አንድ ባልዲ ውሃ ይድፋበት። ከዚያ የውሃ መውረጃውን፣ የአየር ማስገቢያውንና ሁለቱን ገመዶች በእጁ ይዳስስ። ጉዳት ካገኘ ፎቶ አንሥቶ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ለቦዩ አስተዳዳሪ ያሳውቅ።

ለንደን የምትኖሩ አንባቢዎቻችን በ1820 በተጠናቀቀው በሪጀንትስ ቦይ ዳር ስትሄዱ አጫጅ ካያችሁ ቆም በሉ፤ እናንተን አይቶ ማሽኑን እስኪያጠፋ ጠብቁ። ሣር ውስጥ የተደበቀ ገመድ ካያችሁም ሳትነግሩት አትለፉ። እናንተ የአንድ ደቂቃ ጊዜ ታጣላችሁ፤ ጀልባው ውስጥ ያለው ሰው ግን ቤቱ እንደታሰረ ያድራል።